የቀበሌና የክፍለ ከተማ ምክር ቤቶች የካርቦን ልቀትን ለመቀነስና ተፈጥሮን ለመመለስ ምን ሊሠሩ ይችላሉ? (ሀዋሳ)

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ለተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በሀዋሳ ከተማ በአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ውስጥ የአካባቢዬን ነዋሪዎች ወክዬ አገለግላለሁ። የሚቀጥለው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት፣ በአየር ንብረትና በአካባቢ ጥበቃ ረገድ ቀበሌያችን ምን ሊያቅድ እንደሚገባው የመነሻ ሐሳብ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። እስካሁን በዚህ ርዕስ ሥር በየዓመቱ የሚሰፍረው በክረምት የሚተከለው የችግኝ ብዛት ብቻ ነው። ችግኝ መትከልን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሥራችን ሁሉ በዚህ አንድ ቁጥር ተጠቃልሎ መቅረቡ ዕረፍት ይነሣኛል።

ጥያቄውን የሚያከብድብኝ የሚከተለው ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 የነበረውን የአገሪቱን የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ ገምቶት፣ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን እንደሚመጣ ያስረዳል። የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃዎች እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው የያዙት። መብራታችንም በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነው። እንግዲህ ከብት የማያረባ፣ ደን የሌለው፣ ግብር የመጣልም ሆነ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያልተሰጠው አንድ የከተማ ቀበሌ የሚቀንሰው ልቀት ከየት ይመጣል? ሐይቃችንስ በደለልና በቆሻሻ እየተጎዳ እንደሆነ ሁላችንም እያየን፣ ከእኛ ደረጃ የሚጀመር እውነተኛ ሥራ የትኛው ነው? በተግባር የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ታላቅ ውለታ ነው።


ምጣድና ምድጃ

የተከበሩ ጠያቂ፣ የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው። ሆኖም ያንኑ ሰነድ ጥቂት ገባ ብለው ቢያነቡት ከተማው ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ ይገነዘባሉ። ከደን ዘርፍ ከሚመጣው ልቀት ግማሽ ያህሉ ደኑ ለእርሻ መሬት ሲመነጠር የሚፈጠር ሲሆን፣ 46 በመቶው ደግሞ ለማገዶ ሲባል ደኑ ከሚደርስበት መመናመን የሚነሣ መሆኑን ሰነዱ ይገልጻል። ከማገዶው ብዙው በገጠር ቤቶች የሚነድ ቢሆንም፣ ከሰሉ ግን በጆንያ ተጭኖ የሚመጣው ወደ ከተማ ነው። ዛፉ የተቆረጠው በሌላ ወረዳ ስለሆነ ልቀቱ በደን ዓምድ ተመዘገበ እንጂ፣ ቡናው የተፈላውና ወጡ የተሠራው እዚሁ በእኛ ሰፈር ነው።

ብዙ ሰው ከሰል ከእንጨት ይሻላል ብሎ የሚያምነው ጭሱን በዓይኑ ስለማያየው ነው። እንጨቱን ከምሮና በአፈር አፍኖ በማክሰል በተለመደው ዘዴ፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ የሚደርስ እንጨት ይጠፋል፤ እንጨቱ ታፍኖ ሲጤስም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ሜቴን የተባለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቀበሌ የከሰል ፍጆታውን በጥቂቱ እንኳ ቢቀንስ፣ በዛፍ ሲቆጠር የሚያተርፈው ከከሰሉ ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው።

ምክር ቤቱ ሰዎችን «ከሰል አትጠቀሙ» ብሎ ሊከለክል አይችልም፤ ቢከለክልም የሚጎዳው ድሃው ነው። በመጀመሪያ ሊያነሣው የሚገባው በመንግሥት በጀት የሚነደውን ማገዶ ነው ብዬ አምናለሁ። የትምህርት ቤት ምገባ ወጥ ቤቶች፣ የማረሚያ ቤትና የመሳሰሉት የጋራ ማብሰያዎች በሦስት ጉልቻ ወይም በአሮጌ ምድጃ ላይ የሚሠሩ ከሆነ፣ የምድጃ ለውጡ ወጪ ከማገዶው ግዢ ላይ ተመልሶ የሚገኝ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቆጥብ ከተረጋገጠ ብዙ ዓመታት ሆነውታል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሆነ፣ በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ለእኛ ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም፤ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶችም የሥራ ዕድል ይሆናል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ስለሚስብ፣ በአንድ መንደር ያሉ ቤቶች በአንድ ሰዓት ሲጋግሩ ትራንስፎርመሩ አይችለውም፤ መብራቱ ይጠፋል፤ እናቶችም ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ይመለሳሉ። ቀበሌው የትኛው ሰፈር ትራንስፎርመር እንደተጨናነቀ ከነዋሪው መዝግቦ፣ በጽሑፍ አስደግፎ ለሚመለከተው የኤሌክትሪክ አገልግሎት በየጊዜው ማቅረብ ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ለሴቶች የእንጀራ ማኅበራት ራሱን የቻለ መስመር ያለው የመጋገሪያ ሼድ ቢሰጥ፣ በብዙ ቤቶች ተበታትኖ የሚነደው እሳት በአንድ ቦታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ይህን ሥራ «የአየር ንብረት ዕቅድ» ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከማንኛውም የችግኝ ቁጥር በፊት አስቀድመዋለሁ።


ደረቅ ቆሻሻ

እኅታችን ስለ ከሰል የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ በቆሻሻ አያያዝ ሥራ ላይ ስለምገኝ በዚህ በኩል ያለውን ልጨምር።

በከተሞቻችን ከሚሰበሰበው ደረቅ ቆሻሻ ትልቁ ድርሻ የሚበሰብስ ነገር ነው። የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍ፣ የጫት ገራባ፣ የሙዝ ግንድና ቅጠል፣ ሣርና ቅርንጫፍ ሁሉ ተቀላቅሎ በአንድ ቦታ ሲከመር፣ ከታች ያለው አየር ስለማያገኝ ሲበሰብስ ሜቴን ያወጣል። ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት የማመቅ ኃይል አለው። ይህ ማለት ቆሻሻው ወደ ክምሩ ከመድረሱ በፊት የሚበሰብሰውን መለየት ከቻልን፣ ውጤቱ ልጆቻችን እስኪያድጉ ድረስ እንኳ ሳይዘገይ የሚታይ ነው። እግረ መንገዴን ላስታውስ፦ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት አደጋ፣ የክምር አያያዝ የሰው ሕይወት ጉዳይም መሆኑን አሳይቶናል። ከዚያ በኋላ እዚያው የተሞከረው የጃፓኑ የፉኩኦካ ዘዴ ቀላል ሐሳብ ነው፤ በክምሩ ውስጥ በተዘረጉ ቱቦዎች ፍሳሹ እንዲወጣና አየር እንዲገባ ይደረጋል፤ አየር ሲገባም የሚፈጠረው ሜቴን ይቀንሳል፤ ክምሩም ይረጋጋል። የማስወገጃ ቦታውን የማስተዳደር ኃላፊነት የከተማው እንጂ የቀበሌው ባይሆንም፣ የምክር ቤት አባል ጥያቄውን ወደ ላይ ማድረስ ይችላል።

በቀበሌ ደረጃ የሚቻለው ግን ከገበያ መጀመር ነው። ከየቤቱ ለይቶ ማሰባሰብ የረጅም ጊዜ ልማድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከአትክልት ተራ፣ ከጫት መሸጫዎች፣ ከጭማቂ ቤቶችና ከሆቴሎች የሚወጣው ግን ገና ከመነሻው አንድ ዓይነት ነው፤ መስታወትና ፕላስቲክ አልተቀላቀለበትም። ይህ ነጥብ ለኮምፖስት (ከሚበሰብስ ቆሻሻ ለሚዘጋጅ ማዳበሪያ) ወሳኝ ነው፤ አንድ ገበሬ በገዛው ኮምፖስት ውስጥ የተሰበረ መስታወት ካገኘ ሁለተኛ አይገዛም። በ2017 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ ስስ ፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ መጽደቁም ይህን ሥራ የሚያግዝ ስለሆነ፣ ቀበሌው በገበያዎቹ ውስጥ አፈጻጸሙን ቢከታተል ሁለት ጥቅም ያገኛል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚከፈላቸው ባነሡት ቆሻሻ መጠን ብቻ ከሆነ፣ ለመለየት የሚያነሣሣቸው ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ለይተው ካስቀሩ ገቢያቸው ይቀንሳል። ውሉ ሲታደስ ተለይቶ ለኮምፖስት ለገባው ክፍያ ቢታሰብላቸው፣ ብዙ ሥልጠናና ብዙ ፖስተር ያላመጣውን ለውጥ ያመጣል። የዓሣ ገበያው ተረፈ ምርትም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባል። ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው በሐይቁ ዳር ሲጣል ውሃውን ይበክላል፤ ደርቆና ተፈጭቶ ግን ለዶሮ መኖ የሚፈለግ ነው።


ተፋሰስ

ከላይ የቀረቡት ሁለት አስተያየቶች ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ሁለቱም ስለ ልቀት እንጂ ስለ ተፈጥሮ ማገገም ብዙ አልተናገሩም። ጠያቂው ያነሡት ሁለተኛ ጥያቄ እንዳይዘነጋ እፈልጋለሁ።

የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ወደ ውስጡ የገባ ደለል፣ ማዳበሪያም ሆነ ኬሚካል በወንዝ ተወስዶ የሚሄድበት በር አያገኝም፤ እዚያው ይከማቻል። ከሚገቡት ወንዞች ዋናው ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ እርሱም ከወንዶ ገነትና ከምሥራቁ ተራሮች የሚወርዱትን ጅረቶች በጨለለቃ በኩል ሰብስቦ ያመጣል። ጨለለቃ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በካርታ ላይ ሐይቅ ሆኖ የሚታይ ነበር። ከደጋው የተጠረገው አፈር እየሞላው ዛሬ ረግረግ ሆኗል፤ ረግረጉም በግጦሽ፣ በእርሻና በግንባታ እየተገፋ ነው። ያም ቢሆን ዛሬም ጎርፉ የሚረጋበት፣ ደለሉ የሚዘቅጥበት፣ ውሃው በቄጠማውና በፊላው መካከል ተጣርቶ ወደ ሐይቁ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ለሐይቁ እንደ ኩላሊት ነው ብል አላጋነንኩም።

የካርቦኑና የተፈጥሮው ጉዳይ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ረግረጋማ አፈር ለረጅም ዘመን የተከማቸ ብስባሽ ይዟል። በውሃ እስከተሸፈነ ድረስ ይህ ብስባሽ በዝግታ እንጂ በፍጥነት አይፈርስም፤ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲጠነፍፍ ግን አየር ያገኛል፤ ካርቦኑም ወደ ሰማይ ይወጣል። ስለዚህ አዲስ ደን ለማልማት ከመነሣት በፊት ያለውን ረግረግ አለማድረቅ ይቀድማል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። በዳርቻው ባሕር ዛፍ መትከል ደግሞ ሊወገዝ ይገባዋል፤ ዛፉ ውሃ በብዛት የሚስብ በመሆኑ ለረግረግ ጠላት ነው።

ስለ ችግኝም ጥቂት ልበል። ችግሩ መተከሉ አይደለም፤ የምንቆጥረው የተከልንበትን ቀን እንጂ የጸደቀውን አለመሆኑ ነው። ሪፖርቱ «ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያለ ዛፍ» ተብሎ ቢለወጥ፣ አጥር፣ ውሃ ማጠጣትና ጠባቂ ወዲያውኑ በጀት ያገኛሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ፦ ምን እንደሚተከል የሚወሰነው በሐምሌ ሳይሆን ችግኝ ጣቢያው ዘሩን በሚያፈላበት ጊዜ ነው። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ በአጭር ጊዜ ለሽያጭ ይደርሳሉ፤ ዝግባና ጥቁር እንጨት ግን ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ የዝግባ ዘር ለመብቀል እንኳ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ምክር ቤቱ አገር በቀል ዛፍ ከፈለገ፣ ከአንድ ክረምት በፊት ቀደም ብሎ ትእዛዝና ውል መስጠት አለበት። በሰኔ መጨረሻ ችግኝ ፍለጋ የሚወጣ ቀበሌ የሚያገኘው የተረፈውን ነው።

በታቦርና በአላሙራ ተራሮች ላይም ከመትከል ይልቅ መከለል በብዙ ቦታ ይበልጣል። አፈሩ ውስጥ የተቀበረ ዘርና የተቆረጠ ጉቶ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆኖ ዕረፍት ሲያገኝ በራሱ ያቆጠቁጣል። በከተማው ውስጥ ደግሞ ያሉትን ትልልቅ ሾላዎችና ዋርካዎች መዝግቦ መጠበቅ ይገባል፤ ጉሬዛውና ወፉ የሚኖሩት በእነዚህ ላይ ነው፤ አንድ ያረጀ ሾላ ተቆርጦ በመቶ ችግኝ ይተካል ማለት ለእንስሳቱ ትርጉም የለውም።


ብስክሌት

በአጭሩ ስለ መንገድ። ሀዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ብስክሌት ለመንዳት ከብዙዎቹ ከተሞቻችን ትመቻለች። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ ስለዚህ መኪናውና ባጃጁ ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ መዞሩ አይቀርም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ባጃጅም ቢሆን ጥላ በሌለው፣ የእግረኛው መንገድ በሸቀጥና በግንባታ አሸዋ በተዘጋበት ሰፈር እግረኛውን አይተካም። የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ሲሠራ፣ ቀበሌው በውስጥ ለውስጥ መንገዶች በተለይም ወደ ትምህርት ቤት በሚወስዱት ላይ መሰናክሉን ማስነሣትና ጥላ ያለው ዛፍ ማስተከል ይችላል። ዘንባባ ለፎቶ ያምራል፤ ለሚሄድ ሰው ግን ጥላ አይሰጥም። ዋንዛና ብሳና ለምን እንደማይመረጡ ሁልጊዜ ይገርመኛል።


ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ከከተማው ክልል ውጭ የሚደርሰውን ጉዳት ከእኛ እሳትና ከእኛ ገበያ ጋር አያይዛችሁ ማቅረባችሁ፣ ለጉባኤው የምናገረውን ቃል ለውጦልኛል።

ሁለት ችግሮች ግን ይቀሩኛል። አንደኛ፣ ጨለለቃና የላይኛው ተፋሰስ በቀበሌያችን ሥልጣን ሥር አይደሉም፤ የሐይቁ ተፋሰስ ከሲዳማ አልፎ ወደ ኦሮሚያ የሚዘልቅ ነው። ሁለተኛ፣ በሐይቁ ዳርቻ ጎመንና ቲማቲም እያለሙ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አሉ። «ዳርቻው ይከለል» ብዬ ብናገር የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች እነርሱ ይሆናሉ። የመረጡኝም እነርሱ ናቸው። በዚህ ላይ ምን ትመክሩኛላችሁ?


ሕግና ፕላን

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የሚገባ ነው፤ ከሕጉ በኩል ያለውን ላቅርብ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። በመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በሁለተኛው ደግሞ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የሆነ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ስለዚህ የሐይቁ ዳርቻ ይጠበቅ ብሎ መናገርና ለጎመን አልሚዎቹ መቆም የሚጋጩ አቋሞች አይደሉም፤ አንቀጹን የሚጥሰው አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ዕቅድ ነው። በሐሳብዎ ውስጥ የአልሚዎቹ ቁጥር፣ የያዙት መሬትና የሚተካው መተዳደሪያ አስቀድሞ የሚጠና መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።

ስለ ሥልጣን ደግሞ፣ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላኖች ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርቡ ያስገድዳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የፕሮጀክት ግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ተፅዕኖው የሚደርስባቸው ማኅበረሰቦች አስተያየት እንዲሰጡ ይደነግጋል። ቀበሌው ፕላን አያጸድቅም፤ ነገር ግን ሐሳብ ለመስጠት በሕግ የተከፈተለት በር አለ። አብዛኛውን ጊዜ በሩ ባዶ የሚሆነው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገባበት ሰው ስለሚጠፋ ነው። በሐይቁ ዳር የሚታሰብ ማንኛውም ሆቴል ወይም መዝናኛ የግምገማ ሪፖርቱን ለቀበሌው ነዋሪ እንዲያቀርብ ምክር ቤታችሁ በጽሑፍ ይጠይቅ።


ተፋሰስ

በጎመን አልሚዎቹ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከውሃው ጠርዝ ያለው ጠባብ ቀበቶ ብቻ ቄጠማ፣ ፊላና ሣር ቢሆን ከላይ ካለው ማሳ የሚታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ ብዙውን ይይዘዋል፤ ጥልቀት የሌለው በተክል የተሸፈነ ዳርቻም የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉበት ስለሆነ ለአጥማጆቹ ይጠቅማል። ሙሉ ማሳውን መንጠቅ አያስፈልግም። በቀበቶው ውስጥ ከብት ሳይገባ ሣሩን አጭዶ የመውሰድ መብት ለራሳቸው ለአልሚዎቹ ቢሰጥ፣ ጠባቂዎቹም እነርሱ ይሆናሉ። የላይኛውን ተፋሰስ በሚመለከት፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ሀዋሳ ስለሚገኝ፣ ከሁለቱ ክልሎች ወረዳዎች ጋር ለመነጋገር መነሻ የሚሆነው እርሱ ነው።


ደረቅ ቆሻሻ

ከዕቅዱ ጋር የሚያያዝ የመጨረሻ ነጥብ። ጉባኤው የሚወስነው ነገር በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ የበጀት መስመርና ፈጻሚ ክፍል ተጠቅሶ፣ ለክፍለ ከተማው በደብዳቤ እንዲላክ አድርጉ። የትምህርት ቤቱን ምድጃ፣ የአትክልት ተራውን ኮምፖስትና የአገር በቀል ችግኙን ትእዛዝ በሦስት የተለያዩ የበጀት መስመሮች ብታስቀምጧቸው፣ አንዱ ቢሰረዝ እንኳ ሌሎቹ አብረው አይወድቁም። የችግኙ ውል ደግሞ ከጥቅምት ካለፈ ለመጪው ክረምት አይደርስም።